የረቡዕ ጉዞ

አስከሬኑን ያዩት እንጨት ለቃሚ ሴቶች ናቸው። ከእንጦጦ ራጉኤል በታች፣ ባሕር ዛፉ ሳስቶ ገደሉ በሚጀምርበት ቦታ ሸክማቸውን አሳርፈው ሳለ አንደኛዋ ቁልቁል ተመለከተች። ነፋስ የወሰደው ነጠላ መሰላት። ጥቂት ቆይታ ግን ነጠላው እጅ እንዳለው አስተዋለች።

የየካ ክፍለ ከተማ ፖሊስ መርማሪ ዋና ኢንስፔክተር ነፃነት ስትደርስ ቀትር ሆኗል። ዕለቱ ረቡዕ፣ ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ፀሐዩ ያበራል እንጂ አያሞቅም። የዛፍ ሥር እየጨበጠች ወደ ገደሉ ወረደች። ሳጅን ጉተማ ጠጠር እያንከባለለ ከኋላዋ ተከተላት።

«ሰው ለመሞት ይህን ያህል ይደክማል?» አለ እያለከለከ።

«የደከምከው አንተ ነህ። እሱ አርፏል።»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ተጸጸተች። ሟቹ አላረፈም ነበር። ዕድሜው ከሠላሳ ብዙ ያልዘለለ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ነው። አንገቱ ላይ የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ተንጠልጥሏል፤ ሕሩይ ዓለም፣ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሯል። ነፃነት እግሩን ትታ ቅጠሉን አየች። ከወደቀበት ድንጋይ አንሥቶ እስከተኛበት ድረስ ደረቁ ቅጠል እንደ እርሻ ተገልብጧል።

«በደረቱ እየተሳበ ነው የመጣው» አለች። «ወዲያው አልሞተም።»

ከላይ፣ የገደሉ አፍ ላይ፣ የጫማ ተረከዝ አፈሩን ወደ ኋላ ቦርቡሮታል። ሕሩይ ሲወድቅ ጀርባው ወደ ገደሉ፣ ፊቱ ወደ ሰው ነበር። ኪሱ ውስጥ የስልክ መሙያ ገመድ አለ፤ ስልክ የለም።

ከሴቶቹ በዕድሜ ከፍ ያለችው ጥግ ይዛ ቆማለች። ነፃነት ስትቀርባት የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠች።

«ጠዋት ጩኸት ሰምተን ነበር፣ ልጄ። ኋላ ደግሞ ዝግ ያለ፣ እንደ ልመና ያለ ድምፅ። ሰካራም ነው ብለን አለፍን።»

«ሌላ የሰማ ይኖራል?»

«እንዴት አይሰማ! ድምፅ እዚህ ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ይሰማል።»

«መኪናስ አላያችሁም?»

«ነጭ፣ ትልቅ፣ የመንግሥት ታርጋ ያለው። ሽቅብ ወጥቶ ወዲያው ተመለሰ።» ሴትዮዋ ወደ ገደሉ ዞረች። ከዚያ፣ «ያኔ ወርደን ብናይ ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

ነፃነት ማስታወሻ ደብተሯን ዘጋች። እውነቱን መናገር ጭካኔ ሆነባት፤ መዋሸት ደግሞ እንዳይለምድባት ፈራች።

*

መኪናው በዚያው ቀን ከሰዓት መገናኛ አካባቢ ካለው የሕሩይ መሥሪያ ቤት ግቢ ተገኘ። የዋና ዳይሬክተሩ መኪና ነው። ሹፌሩ ፈዬራ በዳዳ ጎኑን በጨርቅ ይወለውላል፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ደጋግሞ። ከኋላ ወንበር ሥር የሕሩይ ቦርሳ ወጣ።

«ሕሩይን እንጦጦ አንተ ነህ ያወጣኸው?» አለችው ነፃነት።

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

ፈዬራ ጨርቁን አጣጥፎ ኮፈኑ ላይ አስቀመጠ።

«እሞታለሁ ብሎ መች ነገረኝ? እኔ ባልወስደው ኖሮ ግን አይሞትም ነበር።»

«ማን ጋ ወሰድከው?»

«እሱን መናገር አልችልም።»

«አትችልም ወይስ አትፈልግም?»

«አልችልም፣ እመቤቴ።»

ጉተማ ካቴናውን አወጣ። ነፃነት የሰውየውን ፊት አጠናች። በደለኛ ፊት ነበር። ብዙ ዓመት በዚህ ሥራ የቆየ ሰው የበደለኛ ፊት ያውቃል፤ የበደሉን ዓይነት ግን ፊት አይናገርም። ያን ዕለት ይህን አላሰበችውም።

*

ሐሙስ ጠዋት የዋና ዳይሬክተሩ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ተቀበላት። ስሙ ዮሐንስ ነው፤ ከጥበቃው ጀምሮ ሁሉም ጆኒ ይሉታል። ወጣት ነው፤ ልብሱ በልኩ የተሰፋ፣ ወሬው ፈጣን።

«ሕሩይ ወንድሜ ነበር» አለ። «እኛ ጋ ከመስከረም ወዲህ የኃላፊዎች ጉዞ በሙሉ በገጻችን ይወጣል። ማን፣ የት፣ ለምን፣ ለስንት ቀን። ሕዝቡ ይወቅ ተባለ፤ እኛም እሺ አልን። ገጹን የሚይዘው እሱ ነበር። እዚህ ቤት የሚደበቅ ነገር የለም፣ ኢንስፔክተር። ክቡርነታቸው እጅ ሊታጠቡ ቢወጡ እንኳ እንለጥፋለን።»

ጉተማ ሳቀ። ነፃነት ግን፣ «ረቡዕ ዋና ዳይሬክተሩ የት ነበሩ?» አለች።

ጆኒ ስልኩን አዙሮ አሳያት። «ዋና ዳይሬክተሩ በጅማ የመስክ ጉብኝት አደረጉ» ይላል፤ ቀኑ የረቡዕ ነው። ከሥሩ ፎቶዎች አሉ። በአንደኛው ዋና ዳይሬክተሩ የሥራ ቆብ አድርገው ይራመዳሉ፤ በሌላኛው ከአስተናጋጆቻቸው ጋር ማዕድ ቀርበዋል። ብዙ ሰው ወዶታል።

«ሹፌሩ ረቡዕ ጠዋት ደውሎልዎታል። የስልክ መዝገቡ ያሳያል።»

«የነዳጅ ኩፖን አልቆበት ነው።» ጆኒ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሕሩይ የመኪናዎቹም ጉዞ ይፋ ይሁን ብሎ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሹፌሮቹ ይህን አልወደዱለትም። ሌላ የማውቀው የለም።»

ዋና ዳይሬክተሩ አቶ ዘረሰናይ ጥቂት ቆይተው መጡ፤ ከጅማ ማለዳ ገቡ ተባለ። ሸበቶ፣ ቀጭን፣ የደከማቸው ሰው ናቸው። ጸሐፊዋ ማኪያቶ ስታቀርብ እሳቸው ሲኒውን በቀስታ ገፉት።

«ልጄ፣ ጾም ነው እኮ።»

«ይቅርታ፣ ረስቼው።»

ሲኒውን የገፋው እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስለ ሹፌራቸው ስትጠይቃቸው፣ ጨዋ ሰው ነው፣ አሉ። ስለ ሕሩይ ስትጠይቃቸው፣ ጎበዝ ልጅ ነበር፣ አሉ። እሷ ልትነሣ ስትል ደግሞ እሳቸው ጠየቁ።

«ሲወድቅ ነው የሞተው ወይስ... ቆይቶ?»

«ቆይቶ ነው።»

አቶ ዘረሰናይ እጃቸውን ጠረጴዛው ሥር ደበቁ።

ነፃነት ወደ ጣቢያ ተመልሳ መዝገቡ ላይ ጻፈች፤ ዋና ዳይሬክተሩ በዕለቱ ጅማ ስለነበሩ መኪናው በሹፌሩ እጅ ብቻ ነበር። አየር መንገድ አልደወለችም። ጅማም አልደወለችም። ለሕዝብ በአደባባይ የተነገረ ነገር ማን ያጣራል?

አለቃዋ ኮማንደሩ መዝገቡን አንብቦ ረካ። «መኪናው አለ፣ ቦርሳው አለ፣ ቂሙ አለ። ነገ ከሰዓት ፍርድ ቤት ይቅረብ።»

በሩ ላይ የፈዬራ ሚስት ኢፍቱ ምሳ ይዛ ቆማለች። ነፃነትን በትከሻዋ ማዕረግ ለየቻት።

«አንቺ ነሽ ያሰርሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሰው ገድሏል ትያለሽ?»

«ምርመራ ላይ ነው።»

«ሰፈሩ ምርመራውን ጨርሷል» አለች ኢፍቱ። «ትናንት ሱቅ ስሄድ ባለሱቁ የፈለግሁትን ሰጥቶኝ፣ ቶሎ ሂጂ አለኝ። ከተወለድኩ ጀምሮ የማውቀው ሰው ነው። አንቺ ስትሳሳቺ መዝገብ ትዘጊያለሽ። እኛ በምን እንዘጋለን?»

*

ምሳ ሊበሉ ከጣቢያው ፊት ለፊት ካለች ቤት ገቡ። ነፃነት በያይነቱ አዘዘች፤ ጉተማ ጥብስ።

«በጾም ቀን የጥብስ ሽታ ፊቴ ላይ ታመጣለህ» አለችው።

«የኔ ቤተ ክርስቲያን አይከለክለኝም። ያንቺ ደግሞ ማሽተት አይከለክልም። ተመችቶሽ አሽቺ።»

አስተናጋጁ ከጎን ላለው ጠረጴዛ ቁርጥ ሥጋ ከነቢላዋው አወረደ። ነፃነት ጉርሻዋን እንደያዘች ቀረች። ያንን ዓይነት ቢላዋ በቅርብ አይታዋለች።

«ጉተማ፣ የመሥሪያ ቤቱን ገጽ አውጣልኝ። የረቡዕን።»

ፎቶውን በጣቶቿ አሰፋችው። በረጅሙ ማዕድ መካከል፣ አቶ ዘረሰናይ ፊት፣ ቀይ ቁርጥና አዋዜ አለ። እሳቸው በፈገግታ ይጎርሳሉ።

«ምን ሆነሽ? ሰውዬው መብላት አይችልም?»

«ዛሬ ጠዋት ማኪያቶ ላይ ያለችውን ወተት እንኳ አልነኩም። የነቢያት ጾም ከገባ ሰንብቷል። ረቡዕ ደግሞ ያለ ጾሙም ይጾማል። ይህ ሰው በረቡዕ፣ በታኅሣሥ፣ ካሜራ ፊት ሥጋ ይበላል?»

ጉተማ ከሥጋው ቀና አለ።

«አይበላም?»

«አይበላም። ይህ ፎቶ የረቡዕ አይደለም።»

ምሳዋን አልጨረሰችም። መዝገቡ ላይ የጻፈችው ዓረፍተ ነገር ትዝ አላት።

*

ፎቶውን የለጠፈችው ሀዊ የምትባል ልጅ ናት፤ ከሕሩይ ጋር አንድ ክፍል ትሠራ ነበር። ወንበሩ ባዶውን ከአጠገቧ አለ። ነፃነት ስልኩን ስታሳያት ሀዊ መጀመሪያ ሥጋውን አላየችውም።

«ምን አለው? ጥራቱ ደህና ነው።»

«እየጾሙ ነው እኮ።»

ሀዊ አፏን በእጇ ያዘች። «እኔ ጴንጤ ነኝ። በፍጹም... አላሰብኩትም። ሕሩይ ቢሆን ያየው ነበር።»

«ለምን ሕሩይ አልለጠፈውም?»

«እምቢ አለ። ማክሰኞ ነው፤ ጆኒ ነገ የሚወጣውን ቀድመህ አዘጋጅ ሲለው። ሁልጊዜ እንዲያ ነው፤ ዜናው ከጉዞው ይቀድማል፣ ፎቶ ካልመጣ ከድሮው እንመርጣለን። ሕሩይ ግን፣ የሚሄዱበትን ሳላይ ሄዱ አልልም፣ አለው። ጆኒ ሳቀበትና ወደ እኔ ዞረ። ሀዊ፣ አንቺ አታስቸግሪኝም አይደል? አለኝ።» እንባዋ መጣ። «አላስቸገርኩትም።»

«ሕሩይ ከዚያ በኋላ ምን አለ?»

«ምንም። ጠዋት አርፍጄ እገባለሁ፣ አለኝ። ጉዞውን ራሴ አይቼ እመጣለሁ፣ አለ። ቀልድ መስሎኝ መልካም መንገድ አልኩት።»

*

አመሻሹ ላይ ፈዬራን ከእስር ክፍሉ አስወጥታ ለብቻው አስቀመጠችው።

«ጅማ አልሄዱም» አለችው።

ሰውየው ቀና አለ። ፊቱ ላይ ያለው ፍርሃት አልነበረም፤ ሸክም የተጋራ ሰው ፊት ነበር።

«እኔ አልነገርኩሽም።»

«አልነገርከኝም። ማንን እንደምትሸፍን ነው የምጠይቅህ።»

«ምያለሁ።»

«የት?»

ፈዬራ ወለሉን አየ። ቦታውን መናገር መሐላውን ያፈርስ እንደሆነ እየመዘነ ነበር።

«ራጉኤል ደጅ» አለ በመጨረሻ። «መስቀል ላይ። እኔ በአባቴ ቤት መሐላ ሲፈርስ ያየሁት ነገር አለ፣ እመቤቴ። ልጅ አለኝ። ነገ ብትሰቅሉኝም አልናገርም።»

ነፃነት ልትናደድበት ፈለገች፤ አልቻለችም። አንድ ሰው ቃሉን ጠብቆ እስር ቤት ተቀምጧል፤ እሷ ያላጣራችውን ቃል ይዛ አስራዋለች።

*

ዓርብ ጠዋት ወደ እንጦጦ ወጡ፤ እንዲህ የሚጾም ሰው ሹፌሩን ራጉኤል ደጅ ካስማለ እዚያው ሱባኤ ይዞ ይሆናል ብላ ነፃነት ገምታለች። መንገድ ላይ ጉተማ ስልኩን እያየ ጮኸ።

«ዛሬ ደግሞ ሐዋሳ ናቸው! ለምክክር መድረክ።»

«ማን ጻፈው?»

«ማንም ይጻፈው። ሐይቁንም ለጥፈዋል።»

ራጉኤል ደጅ ጸጥ ብሏል። የቤተ ክርስቲያኑ በር ተዘግቷል፤ ዛፎቹ ብቻ ያወራሉ። ቄስ ወልደ ኢየሱስ ቅጽሩ ሥር ተቀምጠው ይጸልያሉ። ነፃነት ተሳለመችና ቀረበች።

«አባ፣ ሰው የለም?»

«ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው እኮ፣ ልጄ። በጾም የሥራ ቀን ጠዋት ማን ይቀድሳል? አንቺ ይህን አታጪውም።»

«ሰው ፈልጌ ነው፣ አባ። ሱባኤ የያዙ አንድ ትልቅ ሰው።»

ቄሱ አዩዋት። «ሱባኤ የያዘ ሰው ስም የለውም» አሉ። ከዚያ የጉተማን ካቴና አይተው ተነፈሱ። «ያች ከጀርባ ያለችው የመነኩሴ ቤት ናት። አባ ጆሯቸው አይሰማም፤ አትጩኹባቸው።»

አቶ ዘረሰናይ ጋቢ ለብሰው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩዋት አልደነገጡም፤ የሚጠብቁት እንግዳ የመጣ ያህል ቦታ ለቀቁላት።

«ሐዋሳ ነዎት ይላል» አለች።

«ማን ላከኝ?»

«ገጻችሁ።»

እጃቸውን ዘርግተው አሳዩዋት። በራሱ ፈቃድ ይንቀጠቀጣል። «ከአምና ጀምሮ ነው። ሐኪም ተስፋ አልሰጠኝም። ጸበልና ሱባኤ ጀመርኩ። የእኔን ወንበር የሚፈልግ ብዙ ነው፤ ታመመ ከተባልኩ አንድ ሳምንት አልቆይም። ጆኒ፣ ጉዞ እናድርገው፣ አለ። እኔ ስጓዝ ውክልናውም ማኅተሙም እሱ ጋ ነው። ይመቸው ነበር። እኔንም ተመቸኝ። ፈዬራን በመስቀል ያስማልኩት እኔ ነኝ።»

«ረቡዕ ጠዋት እዚህ ነበሩ።»

«እዚህ ነበርኩ። አባም ከአጠገቤ አልተነሡም።»

«ጩኸት ሰምተዋል?»

አዛውንቱ መነኩሴ ምንም ሳይሰሙ መጽሐፋቸውን ገለበጡ። አቶ ዘረሰናይ አንገታቸውን ደፉ።

«"የሰው ያለህ" ይል ነበር። መጀመሪያ በኃይል፤ ኋላ እየደከመ። ተነሥቼ በሩን ያዝኩ። ከዚያ አሰብኩ፤ ብወጣ ያዩኛል። እኔ እኮ ጅማ ነኝ። ጅማ ያለ ሰው እንጦጦ ላይ የተጮኸ ጩኸት አይሰማም። ተመልሼ ተንበረከክሁ። ስለ ጩኸቱ ጸለይኩ፣ ኢንስፔክተር። ጸለይኩ እኮ።»

ነፃነት ልትናገራቸው የምትችለው ብዙ ነበር። ግን ቅጠሉን የገለበጠው ደረት ፊቷ መጣ፤ ከዚያም አየር መንገድ ያልደወለችው ስልክ።

«ሹፌርዎ ስለ እርስዎ ታስሯል። ዛሬ ከሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

«ትናንት አንቺ ስትሄጂ ልናገር ነበር።»

«አልተናገሩም።»

«አልተናገርኩም።» ዓይናቸውን ጨፈኑ። «መሐላውን ፈትቼለታለሁ በይው። የምፈርመውን ስጪኝ።»

«ፊርማው ለዐቃቤ ሕግ ይበቃል። ጅማ ሄዱ የተባለውን ግን አገር አንብቦታል። አለመሄድዎንም ያንብበው።»

«ሁሉ ያየዋል እኮ።»

«አዎ» አለች። «ሁሉ ያየዋል።»

ከመነኩሴው ቤት ስትወጣ ጉተማ ወደ ጣቢያ ደውሎ ነበር። ፈዬራ መሐላው መፈታቱን ከአለቃው ከራሳቸው አፍ በስልክ ሰምቶ አልቅሷል፤ ከዚያ ተናግሯል። ሕሩይ ለምኖት ነው ያወጣው፤ ዓይኑ የሚያየውን ይይ ብሎ። ከመንገዱ አፋፍ አውርዶት ሲመለስ ግን ፈራ፤ ደወለ።

«ለማን?» አለች ነፃነት፣ የምታውቀውን።

«ለጆኒ። ስለ ኩፖን አይደለም። ሕሩይ ወደ እሳቸው እየሄደ ነው፣ አስቁመው፣ ብሎት ነው። ሰውዬው ሊያስታርቅ ነው የደወለው እኮ።»

*

ጆኒ የዋና ዳይሬክተሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይፈርማል። ማኅተሙ በቀኙ ነው።

«ክቡርነታቸው ሐዋሳ ናቸው» አለ ቀና ሳይል።

«እኔ የመጣሁት ለእርስዎ ነው። ረቡዕ ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚህ፣ ቢሮዬ።»

«የስልክዎ መረጃ ደርሶናል። እንጦጦ ነበሩ።»

ብዕሩ ቆመ። ከዚያ ጆኒ ወደ ወንበሩ ተደግፎ ፈገግ አለ፤ እውነት ለመናገር ፈቃድ ያገኘ ሰው ይመስል።

«እሺ። የሰው ምሥጢር ስለሆነ ነው የደበቅኩት። ክቡርነታቸው አሟቸው ራጉኤል ሱባኤ ይዘዋል። ልጠይቃቸው ማልጄ ወጣሁ። ሱባኤ ላይ ስለነበሩ አላገኘኋቸውም፤ ቅዳሴ አስቀድሼ ወረድኩ።»

«ጠዋት?»

«ጠዋት ነዋ! ቅዳሴ ሌላ መቼ ሊሆን ነው?»

«ሰው ነበር?»

«እንደ ሁልጊዜው ሙሉ። ቆሜ ነው ያስቀደስኩት።»

ጉተማ ከነፃነት ፊት ወደ ጆኒ ፊት ተመለከተ። ያልገባው ነገር እንዳለ ገብቶታል።

«አቶ ዮሐንስ» አለች ነፃነት፣ በቀስታ፣ «በዚህ ጾም ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው። ረቡዕ ጠዋት የራጉኤል በር ዝግ ነበር። ያኔ አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚጮኸው።»

«እኔንም ትይዢኝ ነበር» አለ ጉተማ ለራሱ።

«ምናልባት የማለዳው የኪዳን ጸሎት ይሆናል፤ እኔ ልዩነቱን...»

«ፈዬራ ተናግሯል። ስለ ኩፖን አልደወለልህም።»

እርስዎ ወደ አንተ ሲወርድ ጆኒ ሰማው። ዙሪያውን አየ፤ ማኅተሙን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው።

«ስልኩን ብቻ ነበር የፈለግኩት» አለ። «ፎቶ አንሥቷቸዋል፤ በመስኮት፣ ተንበርክከው። ዛሬውኑ ገጹ ላይ አወጣዋለሁ አለኝ። እሳቸው ካልተጓዙ እኔ በውክልና የፈረምኩት ሁሉ ምን ይሆናል? ጉዞው ውሸት ከሆነ ፊርማው ምንድን ነው? አልሰጥም አለ። ጎተትኩት። ስልኩ እጄ ገባ፤ እሱ ግን...»

«ገፋኸው።»

«ለቀቅኩት።»

«ከወደቀ በኋላ በሕይወት ነበር።»

ጆኒ ፊቱ ያሉትን ወረቀቶች አስተካከለ።

«ጠርቶሃል?»

«በስሜ» አለ ጆኒ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ አለ። «ሦስቴ ይሁን አራቴ። ጆኒ፣ እግሬ ነው እንጂ ደህና ነኝ፣ አለኝ። ሰው ጥራልኝ።»

«አንተስ?»

«ስብሰባ ነበረኝ» አለ።

*

ዐቃቤ ሕጉ የፈዬራን የመፈታት ትዕዛዝ ሲፈርም ቀኑ ወደ ማምሻው ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ገጽ ተዘግቷል፤ «በማሻሻያ ላይ ነን፣ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» ይላል። የአቶ ዘረሰናይ ቃል መዝገቡ ውስጥ አለ። አደባባይ አልወጣም።

ነፃነት የእስር ክፍሉን በር ራሷ ከፈተች።

«ተነሥ፣ ፈዬራ። ነጻ ነህ። መኪና አዘጋጅቻለሁ።»

ፈዬራ ከአግዳሚው አልተነሣም።

«አሁን ይመሻል» አለ። «ማታ ከገባሁ፣ አምልጦ ነው ይሉኛል፤ ወይ ጉቦ ሰጥቶ። ነገ ጠዋት አድርሺኝ። ቅዳሜ ነው፤ ሁሉ ሰው ከቤቱ ይወጣል። በእግር።»

«እዚህ ልታድር?»

«ሁለት ሌሊት ያለ ጥፋቴ አድሬያለሁ። አንዷን በፈቃዴ ልደር።»

ነፃነት በሩን ክፍቱን ተወችው።

ቅዳሜ ጠዋት ከየካ ሚካኤል በላይ ያለውን ዳገት ጎን ለጎን ወጡ። ነፃነት ሙሉ የደንብ ልብሷን ለብሳለች፤ ማዕረጓ ያበራል። ሰው ከየበሩ ይመለከታል። የመጀመሪያው በር ላይ ስትደርስ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ፈዬራ ጥፋት የለበትም» አለች።

«ሙሉውን» አለ ፈዬራ፣ መንገዱን እያየ።

ሁለተኛው በር ባለሱቁ ነበር። «ፈዬራ ጥፋት የለበትም። ያሰርኩት እኔ ነኝ። በስህተት።» ባለሱቁ የሚያስቀምጠውን ዕቃ ይዞ ቀረ። ቀጥሎ ልብስ የምታሰጣ ሴት፤ ቀጥሎ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ባልና ሚስት። በእያንዳንዱ በር ቃሉ እየከበዳት ሄደ። ይቀላል ብላ ነበር።

ኢፍቱ ከግቢዋ ወጣች። ባሏን አላቀፈችም፤ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አየችው፤ ከዚያ ዓይኗን ወደ ነፃነት መለሰች። ጎረቤቱ በዙሪያቸው ተሰብስቧል። ከመካከሉ አቶ ኢቲቻ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ፊት መጡ።

«እሱን አንቺ ጠየቅሽው» አሉ። «ታዲያ አንቺን ማን ይጠይቅሻል?»

ኮማንደሩን አሰበች፤ መዝገቡን አሰበች። ሁለቱም አይጠይቋትም።

«ማንም» አለች።

ሽማግሌው ዘወር ብለው በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ከአጥሩ ውስጥ በርጩማ መጣ፤ መንገዱ መሐል፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ኢፍቱ የበርጩማውን አፈር በመዳፏ ጠረገች።

«እንግዲያው ተቀመጪ» አሉ አቶ ኢቲቻ፣ «ከመጀመሪያው ንገሪን። እኛ አንቸኩልም።»

ነፃነት ቆቧን አውልቃ ተቀመጠች። ፊቶቹን አንድ በአንድ አየች።

«ጅማ አልደወልኩም» ብላ ጀመረች።